ከኮዱ ቁጥሮች ጀርባ፦ በኒውክሌር ንድፍ ኮድና በቁሳቁስ ደረጃዎች ላይ ስለሚያልፍ የሥራ ዘመን

አዲስ ተንታኝ፦

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት አራት ዓመታት የግፊት ዕቃዎችን ስትረስ (ጭነት በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረውን ውጥረት) ሳሰላ ቆይቻለሁ፤ ያሰላኋቸውም በአብዛኛው ለኬሚካል ፋብሪካ የሚሆኑ ታንኮችና የሙቀት መለዋወጫዎች ናቸው። ሰሞኑን የኒውክሌር ሪአክተር ክፍሎችን የንድፍ ኮድ (ዕቃው እንዴት ሊነደፍና ሊሠራ እንደሚገባ የሚደነግገውን የደንብ ስብስብ) እና የቁሳቁስ ደረጃ ወደሚከታተል ቡድን እንድዛወር ጥያቄ ቀርቦልኛል። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ሥራው አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ለውጡን መመርመር፣ ከአንቀጾቹ ጋር የማይገጥም ነገር ሲያጋጥም ማስረዳት፣ ረቂቅ ማዘጋጀትና በኮሚቴ ስብሰባ ላይ መገኘት ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ «ከመሐንዲስነት ወደ ጸሐፊነት መውረድ ነው» አለኝ። ንግግሩ ቢያስቀኝም ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህ ሙያ የቆያችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ሥራው በእርግጥ ምህንድስና ነው ወይስ የሌሎችን ስሌት ከአንቀጽ ጋር ማመሳከር ብቻ? የማስላት ችሎታዬስ አይዶለዱምብኝም?

የቀድሞ የኮሚቴ አባል፦

ባልደረባዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ከሥራው ገሚሱ መጻፍ ነውና። በዚህ ሥራ 31 ዓመት ቆይቼ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራውን ምንነት በጥቅሉ ከምተርክልዎ የአንድ ቁጥር ታሪክ ብነግርዎ ይሻላል። ቁጥሩ 20 ነው።

በአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለርና የግፊት ዕቃዎች ኮድ ውስጥ ስለ ኒውክሌር ክፍሎች የሚደነግገው ክፍል 3 ነው። እዚያ ውስጥ ጭነት እየተመላለሰበት የሚሠራ ብረት ስንት ዙር ሊችል እንደሚገባ የሚያሳዩ የድካም ኩርባዎች አሉ። ኩርባዎቹ የመጡት በቤተ ሙከራ ትንንሽና የተወለወሉ ናሙናዎችን እስኪሰበሩ ድረስ በመፈተን ሲሆን፣ ከናሙናዎቹ የተገኘው አማካይ ኩርባ በስትረስ በኩል ለ2፣ በዙር ብዛት በኩል ደግሞ ለ20 ይካፈልና ከሁለቱ ዝቅ ብሎ የተገኘው ለንድፍ ይወሰዳል። እኔ ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ወር «20 እጥፍ የደህንነት ትርፍ የተጋነነ ነው» የሚል ባለ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። አንብበው ሲጨርሱ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ለመሆኑ 20 ከምንና ከምን የተሠራ ነው?» መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የሚገኘው የክፍል 3 የመጀመሪያ እትም በ1963 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የኮዱን መነሻ ሐሳቦች ለማብራራት በተዘጋጀ ሰነድ ውስጥ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። 20 ማለት 2 በ2.5 በ4 ሲባዛ ነው። 2 የሙከራ ውጤቶች ከአማካያቸው ስለሚበታተኑ፣ 2.5 እውነተኛው ዕቃ ከናሙናው ስለሚገዝፍ፣ 4 ደግሞ ገጹ እንደ ናሙናው ስላልተወለወለና ስለ «ከባቢ አየር» የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ 20 ከነጭራሹ የደህንነት ትርፍ አልነበረም። ከቤተ ሙከራ ናሙና ወደ እውነተኛ ዕቃ የሚያሻግር ድልድይ ነበር፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ትርፍ በጣም ትንሽ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ የማስተማሪያ ታሪክ ከመሆን አያልፍም ነበር። ነገር ግን «ከባቢ አየር» የምትለው ቃል ለብዙ ዓመታት ችግር ስትፈጥር ኖራለች። ብዙ ተንታኞች ቃሏ ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ጭምር የምታጠቃልል መስሏቸው «የውሃው ጉዳይ በ20 ውስጥ ተሸፍኗል» እያሉ ያልፉ ነበር። ቃሏን የጻፉት ሰዎች ግን ያሰቡት የተራ ፋብሪካን አየር ከቤተ ሙከራ ንጹሕ አየር ጋር በማነጻጸር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በጃፓንና በአሜሪካ በሙቅ የሪአክተር ውሃ ውስጥ የተደረጉ ሙከራዎች፣ እንደ ሙቀቱ፣ በውሃው ውስጥ እንደሚሟሟው ኦክስጅንና እንደ መወጠሪያው ፍጥነት፣ ውሃው የብረቱን የድካም ዕድሜ በብዙ እጥፍ ሊያሳጥር እንደሚችል አሳዩ። የአሜሪካ የኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን በ2007 ባወጣው መመሪያ ለአዳዲስ ሪአክተሮች የውሃው ተጽዕኖ ራሱን በቻለ ማባዣ እንዲሰላ አደረገ።

የዚሁ መመሪያ መሠረት የሆነው ጥናት የአየር ላይ ሙከራዎችን እንደገና መርምሮ 20ን ወደ 12 አወረደው። ስለዚህ እኔ በወጣትነቴ «በዝቷል» ያልኩት ነገር እውነትነት ነበረው፤ ምክንያቴ ግን ከመነሻው ስህተት ነበር። ማስታወሻዬ ያኔ ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃው በማንም ሳይታሰብ ቁጥሩ ብቻ ይቀነስ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ማስላትዎን አይተዉም፤ እንዲያውም አንድን አንቀጽ ለመቀየር ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው፣ አንቀጹ በሚነካቸው ዕቃዎች ሁሉ ላይ ምን እንደሚያስከትል አስልቶ ማሳየት አለበት። ልዩነቱ፣ እስካሁን የሚያሰሉት አንድ ታንክ እንዳይፈነዳ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚያሰሉት እርስዎ የማያውቁት መሐንዲስ፣ እርስዎ በማያዩት ዕቃ ላይ፣ የጻፉትን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሳይሳሳት እንዲሠራ ነው።

ብረት አዋቂ፦

የቀድሞው የኮሚቴ አባል የጻፉት መልካም ነው፤ ነገር ግን እንደ ንድፍ ሰዎች ልማድ ቁሳቁሱን ከሠንጠረዥ የሚነበብ ቁጥር አድርገውታል። እኔ ከሠንጠረዡ በስተጀርባ ስለምሠራ ከዚህኛው ወገን ያለውን ልናገር።

በክፍል 3 ለአንደኛ ደረጃ ዕቃዎች የሚፈቀደው መሠረታዊ ስትረስ በጥቅሉ ሲታይ ከብረቱ የመጨረሻ ጥንካሬ አንድ ሦስተኛና በቋሚነት መለጠጥ ከሚጀምርበት ጥንካሬ ሁለት ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ቁሳቁስ ወደ ኮዱ ለማስገባት የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ ቅልጦች (ቅልጥ ማለት በአንድ ጊዜ አብሮ የቀለጠ ብረት ነው) የተወሰደ መረጃ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ከአንድ ቅልጥ የተገኘ ብረት ስለዚያ ቅልጥ እንጂ ስለ ቁሳቁሱ አይመሰክርም። በከፍተኛ ሙቀት ለሚሠራ ብረት ደግሞ በዝግታ የመለጠጥ፣ ማለትም የክሪፕ፣ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ማንም ሊያቻኩለው አይችልም። 617 የሚባለው የኒኬል ቅይጥ እስከ 950 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ100,000 ሰዓት እንዲያገለግል በኮዱ የተፈቀደለት ከአሥር ዓመት በላይ ከፈጀ ሥራ በኋላ ነው። 100,000 ሰዓት ራሱ ከ11 ዓመት በላይ መሆኑን ያስተውሉ። በእንዲህ ዓይነት ሥራ የተሰማራ ሰው በሙሉ የሥራ ዘመኑ ሁለት ወይም ሦስት ቁሳቁሶችን ብቻ ከዳር ቢያደርስ ዕድለኛ ነው።

ሠንጠረዡ የማይናገረው ነገር ደግሞ ይበልጣል። ድሮ የብየዳ ሽቦ እንዳይዝግ በመዳብ ይለበጥ ነበር፤ በጊዜው ለማንም የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። በኋላ ግን መዳብ ያለበት ብየዳ ከሪአክተሩ እምብርት በሚወጡ ኒውትሮኖች ለዓመታት ሲመታ ከሌላው ብረት ፈጥኖ ተሰባሪ እንደሚሆን ታወቀ። ለሚያውቁት ሰዎች ዛሬም የመዳብ መቶኛ የአንድን ሪአክተር ዕድሜ የሚወስን ቁጥር ነው። የዚህ ተሰባሪነት መለኪያ ብረቱ ከተለጣጭነት ወደ ተሰባሪነት የሚሻገርበት ሙቀት ነው፤ የአሜሪካ ደንብ ለዚህ ሙቀት ያስቀመጠው ወሰን ለዝርግ ብረት፣ ለተቀጠቀጠ ብረትና ቁልቁል ለሚሄድ ብየዳ 132 ዲግሪ፣ በዙሪያው ለሚዞር ብየዳ ደግሞ 149 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ያንኪ ሮው የተባለው የማሳቹሴትስ ጣቢያ በ1991 ሥራ አቁሞ በ1992 ለዘለቄታው ሲዘጋ ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው የቬስሉ (የሪአክተሩን እምብርት የያዘው ዋና የግፊት ዕቃ) ተሰባሪነት ነበር።

ኮዱ ራሱ፣ ቁሳቁስ በአገልግሎት ዘመኑ በሚገጥመው አካባቢ ምክንያት የሚደርስበት ጉዳት ከወሰኑ ውጪ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያላነበበ ሰው ኮዱን አነበብኩ ባይል ይሻላል። 600 የተባለው ቅይጥ በኮዱ የተፈቀደ ነበር፤ ጥንካሬውም ሠንጠረዡ እንዳለው ነበር። ሆኖም በሪአክተር ውሃ ውስጥ እየተሰነጠቀ አስቸገረ። በ2002 በኦሃዮ የሚገኘው ዴቪስ ቤሲ ጣቢያ የቬስል ክዳን ሲመረመር፣ ከዚሁ ቅይጥ በተሠራ የተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ያፈተለከው ቦሪክ አሲድ ያለበት ውሃ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ብረት በልቶ ጨርሶ፣ ግፊቱን ይዞ የቆመው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰው የማይዝግ ብረት ሽፋን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በቦታው የሚገባው 690 ቅይጥ በክሮሚየም ይዘቱ የ600ን እጥፍ ያህል ነው።

ቸኳይ ነዳፊ፦

እኔ ግን ሌላውን ገጽ ልናገር። የምሠራው በከፍተኛ ሙቀት የሚሠራ አዲስ ዓይነት ሪአክተር በሚነድፍ ቡድን ውስጥ ነው። ሪአክተራችን 60 ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቃል፤ ይህም ከ500,000 ሰዓት በላይ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ለዋና ክፍሎች የተፈቀዱት ቁሳቁሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የተሻለ ብረት መኖሩን እያወቅን ኮዱ ውስጥ ስለሌለ ብቻ ልንጠቀምበት አንችልም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት አራት ጊዜ ነው፤ አንድ ተቃውሞ ሲነሳ ሦስት ወር ይጠፋል፤ አባላቱም በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ፣ ግን ደመወዛቸውን ከአምራቾችና ከጣቢያ ባለቤቶች የሚያገኙ ሰዎች ናቸው። ለአዲስ ተንታኝ የምለው፣ ወጣትነትዎን ድምፅ በመጠበቅ እንዳያሳልፉት ነው።

የቀድሞ የኮሚቴ አባል፦

ስለ ዝግታው ያሉትን አልቃወምም፤ ስለ ደመወዙም እውነት አለዎት። ለዚህም ነው ከየትኛውም የጥቅም ወገን የሚመጡ ሰዎች በኮሚቴው ውስጥ እንዳይበዙ የሚከለክል ደንብ ያለው። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም።

ስለ ተቃውሞ ድምፅ ግን የራሴን ልንገርዎ። አንድ ጊዜ ስለ ቧንቧ መጋጠሚያ ያዘጋጀሁት ረቂቅ አንድ ድምፅ ብቻ ተቃውሞት ዓመት ከመንፈቅ ዘገየብኝ። ተቃዋሚ ምክንያቱን በጽሑፍ ማቅረብ ስላለበት ያቀረበው አንድ አንቀጽ ነበር፤ ስሌቴ ብየዳው ከውስጥ በኩል ለስላሳ ሆኖ እንደሚገኝ ታሳቢ ማድረጉን፣ ነገር ግን በእንዲያ ዓይነት ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የብየዳውን ሥር ሊሞርድ የሚችል ሰው እንደሌለ ጻፈ። ለሦስት ስብሰባዎች ተናድጄ ነበር። በአራተኛው ስሌቱን ባልተሞረደ ብየዳ ደግሜ ሠራሁትና ከወሰኑ አለፈ። ሰውዬው የስትረስ ተንታኝ አልነበረም፤ ዕድሜውን በብየዳ ያሳለፈ ነበር።

የመጀመሪያው የቦይለር ኮድ በ1915 የወጣው መሐንዲሶች መጻፍ ስለሚወዱ አልነበረም። በ1905 በማሳቹሴትስ ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ሕጉም ኮዱም የመጣው። ፈረንሳዮችም በ1980 አፍሴን የተባለውን ማኅበር መሥርተው አርሲሲ-ኤም የሚባለውን ኮዳቸውን ሲጽፉ የአሜሪካውን መነሻ አድርገው በራሳቸው አሠራር ልክ ቀይረውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ፣ የትኛው ደንብ ከብረቱ ጠባይ እንደመጣና የትኛው ከአንድ አገር የፋብሪካ ልማድ ብቻ እንደመጣ ለመለየት ካወቅሁት ሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

ብየዳ መርማሪ፦

ክርክሩን በጥሞና ተከታትዬዋለሁ፤ እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ነዳፊዎች «ወረቀት በዛ» ሲሉ ስሰማ፣ ብረቱን በእጃቸው ይዘው «ይህ የየትኛው ቅልጥ ነው?» ብለው ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ብረት ስሙን በግንባሩ ጽፎ አይመጣም። ከምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የቅልጥ ቁጥር ብረቱ ላይ ከታተመው ጋር ካልገጠመ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ ስለ ሌላ ብረት የተጻፈ ነው ማለት ነው።

በፈረንሳይ ከፍላማንቪል 3 ሪአክተር ቬስል ላይኛውና ታችኛው ክዳን ጋር ተመሳሳይ የሆነ ክዳን ሲፈተን፣ 0.22 በመቶ መሆን የነበረበት ካርቦን በአንዳንድ ቦታ እስከ 0.30 በመቶ ተከማችቶ መገኘቱ በ2015 ይፋ ሆነ። ትልቅ የብረት ጉማጅ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽና ያ ወገን በበቂ ሁኔታ ተቆርጦ ስላልተጣለ የመጣ ነው። ካርቦን ሲበዛ ብረቱ ይጠነክራል፤ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ግን ይቀንሳል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ክዳኖቹ በተሠሩበት የብረት መቀጥቀጫ ፋብሪካ በቆዩ የምርት መዛግብት ላይ ጉድለቶች መኖራቸው ታወቀና በርካታ ሪአክተሮች የተሠሩባቸው ክፍሎች ፋይል አንድ በአንድ መመርመር ግድ ሆነ። የቁጥጥሩ ባለሥልጣን በመጨረሻ ቬስሉ በሁኔታዎች ተወስኖ ማገልገል እንደሚችል፣ የላይኛው ክዳን ግን እንዲቀየር ወሰነ። ስለዚህ አዲስ ተንታኝ፣ ሥራውን ከያዙ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ አንድ ወር ከመርማሪ ጋር ፋብሪካ ውስጥ ያሳልፉ። ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተማረ የኮድ ሰው፣ ማንም ሊያደርገው የማይችለውን ነገር «ይደረግ» ብሎ ይጽፋል።

ብረት አዋቂ፦

ከላይኛው አስተያየት የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

አዲስ ተንታኝ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ረቂቅ መጻፍ የሚባለው ነገር ምን ያህል ይከብዳል? ስሌት የለመደ ሰው ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይማር ይሆን?

የቀድሞ የኮሚቴ አባል፦

ይማራል፤ ነገር ግን ከስሌት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በኮዱ ውስጥ አንዱ ግሥ ያስገድዳል፣ ሌላው ይመክራል፣ ሦስተኛው ይፈቅዳል። ይህንን ለማስተካከል የሚደረገው ክርክር ከውጪ ለሚያይ ሰው አሰልቺ ነው፤ በገዢና በአምራች መካከል ጠብ ሲነሳ ግን የሚፈርደው ያ ግሥ ነው። ለልምምድ የሚጠቅምዎ ትርጓሜ የሚጠየቅባቸው ጥያቄዎችን ማንበብ ነው። ኮሚቴው ለተጠቃሚዎች ጥያቄ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብሎ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አያብራራም፤ የማማከር አገልግሎትም አይሰጥም። ስለዚህ ጠያቂው የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር በአንድ ቃል ሊመለስ በሚችል ልክ ማጥራት አለበት። እኔ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ በሰባተኛው ላይ መልሱን ራሴ ስላገኘሁት ሳልልከው ቀረሁ።

አዲስ ተንታኝ (ከአምስት ወር በኋላ)፦

ዝውውሩን ተቀብያለሁ። እንደተመከርኩትም አምስት ሳምንት ከመርማሪዎች ጋር ፋብሪካ ውስጥ ቆየሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት የቅልጥ ቁጥር ስፈልግ ብቻ አሳልፌዋለሁ ማለት ይቻላል።

የመጣሁት ግን ለጥያቄ ነው። ኮዱ በግድግዳው ውፍረት ላይ እኩል ለተሠራጨ ስትረስ መሠረታዊውን ወሰን፣ መታጠፍ ሲጨመርበት ደግሞ የዚያን 1.5 እጥፍ ይፈቅዳል። 1.5 ከየት እንደመጣ ሳጣራ፣ ድፍን አራት ማዕዘን መስቀለኛ ቅርጽ ያለው ዘንግ ሲታጠፍ፣ ጠርዙ በቋሚነት መለጠጥ ከሚጀምርበት ጭነት አንስቶ መላው ቅርጹ እስኪለጠጥ ድረስ ያለው ንጽጽር ልክ 1.5 እንደሆነ በወረቀት አስልቼ አገኘሁት። ከዚያ ስስ ቧንቧ ሲታጠፍ አሰላሁ፤ 1.27 ገደማ ነው። ታዲያ ለቧንቧው 1.5 መፍቀድ ስህተት አይሆንም?

የቀድሞ የኮሚቴ አባል፦

በወረቀት ማስላትዎ ደስ ብሎኛል፤ «እችላለሁ» ብሎ ሳያሰላ የሚጠይቅ ብዙ ነው። አንቀጹን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። 1.5 የተሰጠው ለድፍን አራት ማዕዘን ነው፤ ለሌላ ቅርጽ እርስዎ ያሰሉትን ንጽጽር ራሱን እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል፤ በምንም ሁኔታ ግን ከ1.5 እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ ቧንቧዎ በ1.27 ይያዛል።

አሁን ደግሞ ድፍን ክብ ዘንግ ወስደው ያስሉት። 1.7 ገደማ ያገኛሉ፤ አንቀጹ ግን 1.5 ላይ ያቆምዎታል። ለምን እንደሆነ በራስዎ ሲደርሱበት እዚሁ ይጻፉልን፤ ብየዳ መርማሪም ትጠብቅዎታለች።

ብየዳ መርማሪ፦

እጠብቃለሁ። የቅልጥ ቁጥሩንም አይርሱ።